ስለሚነድደው ተራራና ስለ ሠዓሊው

የባልንጀራው ቤት ሲቃጠል በደጅ ቆሞ የነበልባሉን መልክ የሚያደንቅ ሰው ቢገኝ፥ ጎረቤት ሁሉ ልቡ የደነደነ ነው ብሎ ይፈርድበታል። ያው ሰው ግን ወደ ቤቱ ገብቶ ያየውን ነበልባል በሸራ ላይ ቢሥለው፥ ሥዕሉም ያማረ ቢሆን፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩት የሚመጡት እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው። ታዲያ ፍርዱ የተለወጠው በምን ምክንያት ነው? እሳቱ ያው ነው፤ ያየውም ዐይን ያው ነው፤ የተቃጠለውም ቤት አልተመለሰም። ጥፋትን አይቶ መደነቅ፥ ተደንቆም ማስዋብ፥ ለሰው የተፈቀደ ነውን? ይህ ለጨዋታ የሚነሣ ክርክር አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ የኖረ ሠዓሊ ነበረና፥ ነገሩን በእርሱ መመርመር ይሻላል።

ሰውየው በሜክሲኮ አገር፥ ጓዳላሃራ በምትባል ከተማ በ1875 ዓ.ም. የተወለደው ጄራርዶ ሙሪዮ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወጣትነቱ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በኢጣሊያና በፈረንሳይ የጥንቶቹን ሠዓልያን ሥራ ተመለከተ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም ወጣቶቹን ሠዓልያን፥ የባዕድ አገር ሥዕል ከመቅዳት ይልቅ የገዛ ምድራቸውን እንዲመለከቱ ያነሣሣቸው ነበር። ቤተሰቡ ያወጣለትን ስም ትቶ ዶክተር አትል ተባለ። አትል በናዋትል ቋንቋ፥ ይኸውም እስፓኞች ከመምጣታቸው አስቀድሞ በዚያ ምድር ይነገር በነበረው ቋንቋ፥ ውሃ ማለት ነው። እሳት ሲሥል የኖረ ሰው ስሙ ውሃ መሆኑን የቅኔ ተማሪ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ከሜክሲኮ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲመለከቱ በረዶ የለበሱ ሁለት ተራሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱ ፖፖካቴፔትል ይባላል፤ ትርጓሜው የሚጤስ ተራራ ማለት ነው። ቁመቱም ከባሕር ወለል ወደ 5,400 ሜትር ይደርሳልና ከራስ ደጀን እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው ኢስታክሲዋትል፥ ነጭ ሴት ማለት ነው። ዶክተር አትል እነዚህን ተራሮች ከከተማ ሰገነት ላይ ሆኖ አይቶ የተመለሰ ሰው አይደለም። በእግሩ ወጣባቸው፤ በጥጋቸውም አደረ፤ ብርዱንና ነፋሱን ለመደ። በ1921 ዓ.ም. ስለ ፖፖካቴፔትል ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። ለሥራውም የሚመች ቀለም በራሱ እጅ አዘጋጀ፤ ሰምና ሙጫ ከቀለሙ ዱቄት ጋር አዋሕዶ እንደ ጠመኔ እስኪጠና ድረስ ያደርቀውና፥ በወረቀትም በእንጨትም በሸራም ላይ ይሥልበት ነበር። ቀለሙ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ደግሞም ሌላ ነገር አስተዋለ። በሜዳ ላይ ለቆመ ሰው አድማስ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ገመድ ይመስለዋል፤ ሠዓልያንም በዚሁ ልማድ ሲሥሉት ኖረዋል። ከተራራ ራስ ላይ ሆኖ ዙሪያውን የሚመለከት ሰው ግን ምድር ጎብጣ እንደምትታየው ያውቃል። ስለዚህ ሉዊስ ሴራኖ የተባለ ያገሩ ሰው ባወጣው ስልት ተመርቶ አድማሱን ማጉበጥ፥ ሰማዩንም እንደ ድንኳን መድፋት ጀመረ። በእነዚህ ሥዕሎች ፊት የሚቆም ሰው ከመሬት ከፍ ያለ ይመስለዋል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደ ልማዱ ተራራ ለብቻው አይሣልም። ሲና የሚሣለው ሙሴ ጽላቱን ስለ ተቀበለበት ነው፤ ታቦርም ጌታ ብርሃኑን ስለ ገለጠበት፥ ጎልጎታም መስቀሉ ስለ ተተከለበት ነው። ተራራው ዙፋን ነው እንጂ ንጉሥ አይደለም። በአውሮፓ ግን ከጊዜ በኋላ የምድርን ገጽ ብቻውን መሣል ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ ዶክተር አትልም ይህን ወርሶ ወደ መጨረሻው ጠርዝ አደረሰው። የእኛ ሊቃውንት መልክዕ የሚሉት የድርሰት ዐይነት አላቸው፤ ደራሲው የቅዱሱን ራስና ዐይን፥ ከንፈርና ክንድ፥ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ አንድ በአንድ እየጠራ ሰላምታ ያቀርብለታል። የዶክተር አትልም ሥራ ለተራራ የተደረሰ መልክዕ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የበረዶውን ዘውድ፥ የደመናውን መታጠቂያ፥ የጥቁሩን ዐለት ጉልበት በየተራው፥ በንጋትና በምሽት፥ አንዱን ሳይንቅ ሥሎታልና። እዚህ ላይ ግን ሰው መጠየቅ አለበት፤ መልክዕ የሚደረሰው ለሚሰማ ነው፤ ተራራ ግን አይሰማም። ሰላምታው ወደ ማን ሄደ?

ለዚህ ሠዓሊ የሕይወቱ ትልቅ ቀን የመጣው በስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሚቾአካን በሚባለው አውራጃ፥ ፑሬፔቻ የተባሉ ሕዝብ በሚኖሩበት ደጋ፥ ፓሪኩቲን የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ለጥቂት ሳምንታት ምድር ከውስጥ ታጉረመርምና ትንቀጠቀጥ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 20 ቀን፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 13 ቀን 1935 ዓ.ም.፥ ዲዮኒስዮ ፑሊዶ የተባለ ገበሬ በበቆሎ ማሳው ላይ ለዘር ሲያሰናዳ ዋለ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ማሳው ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁም ጢስና ደቃቅ ዐመድ እየፉጨ ወጣ፤ እንደ ገማ እንቁላል ያለ የዲን ሽታ ሸተተ። ሲመሽ የጋለ ድንጋይ ወደ ሰማይ ይወረወር ጀመር። አንድ ሳምንት ሳይሞላ በማሳው ላይ ከ100 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ቆመ። በዓመቱ 336 ሜትር ሆነ። በ1952 ዓ.ም. እሳቱ ሲጠፋ፥ ገበሬው ያርሰው ከነበረው መሬት በላይ 424 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር።

ስለ ምድር ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት በዚህ ነገር እጅግ ተደሰቱ፤ እሳተ ገሞራን ከተወለደበት ሰዓት አንሥቶ እስከሚሞትበት ድረስ በዐይናቸው የተከታተሉት ያን ጊዜ መጀመሪያ ነውና። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከታች የቀለጠው ዐለት በውስጡ የታመቀ እንፋሎት አለው፤ ወደ ላይ በቀረበ ጊዜ እንፋሎቱ ይፈነዳና ዐለቱን ቆራርጦ ይረጨዋል፤ የተረጨውም ተመልሶ በጉድጓዱ ዙሪያ እየወደቀ በወንፊት እንደ ተነፋ ዱቄት ይቆለላል። ይህ ዐይነት ተራራ አንድ ጊዜ ብቻ ነዶ የሚቀር ነው። ከሥሩ ደግሞ የቀለጠው ዐለት በዝግታ፥ ሰው በእርምጃው ሊያመልጠው በሚችል ፍጥነት፥ እየተሳበ ወጣ፤ ኋላም 25 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ምድር ሸፈነ።

ዶክተር አትል ወሬውን በሰማ ጊዜ ፈጥኖ መጣ። በተራራው አቅራቢያ በጎጆ ተቀምጦ ለወራት ቆየ፤ ኋላም ደጋግሞ ተመለሰ። ዐመዱ በራሱ ላይ እየወረደ ሌሊትም ቀንም ይሥል ነበር። የሠራቸው ንድፎች ከመቶ ይበልጣሉ፤ በቀለም ያከናወናቸውም ታላላቅ ሥዕሎች አሉ። ከነዚህ በአንዱ፥ በ1943 ዓ.ም. በተሣለው፥ ሌሊት ነው፤ ጥቁሩ ተራራ ከመካከል ቆሞ ቀይ ፍንጣሪ ወደ ከዋክብት ይረጫል። ያየውን ሁሉ ከሥዕሎቹ ጋር አንድ ላይ አድርጎ በ1950 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ እንዴት እንደሚወለድና እንደሚያድግ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ።

አሁን ወደ መንደሩ መመለስ ያሻል፤ ሥዕሎቹ ብዙውን ጊዜ ወደዚያ አይመለሱምና። ፓሪኩቲን መንደር ከዐለቱ ሥር ቀረች። ከእርሷ የምትበልጠው ሳን ሁዋን ፓራንጋሪኩቲሮም፥ በእኛ አነጋገር የቅዱስ ዮሐንስ ከተማ፥ በ1944 ዓ.ም. ተከተለች። የቀለጠው ዐለት ማንንም አልገደለም፤ ዐመዱ በሰማይ ሲፋተግ ከሚወልደው መብረቅ የተነሣ ግን ሦስት ሰዎች ሞቱ። የቀሩት በሕይወት ወጡ። ነገር ግን ለገበሬ ማሳው ከጠፋ፥ የአባቱ መቃብር ከዐለት ሥር ከገባ፥ የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ከተዋጠ፥ በሕይወት ወጣ የሚለው ቃል ምን ያህሉን ይሸፍናል?

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ጥፋትን መመልከት ራሱ ኀጢአት ነውን? ቅዱሳት መጻሕፍት የሚቃጠለውን ስለ ተመለከቱ ሰዎች ይናገራሉ፤ ፍርዳቸውም አንድ ዐይነት አይደለም። የሎጥ ሚስት ወደ ኋላ ዞራ በማየቷ የጨው ሐውልት ሆነች። አብርሃም ግን በዚያው ማለዳ ተነሥቶ፥ ከፍ ካለው ስፍራ ሆኖ፥ የሰዶምን ጢስ ተመለከተ፤ አልተነቀፈበትም። ምን ለያቸው? የአብርሃም ዐይን ወደ ጢሱ ከመሄዱ በፊት አፉ ስለ ከተማይቱ ለምኖ ነበር፤ ከኀምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ ዐሥር ድረስ ወርዶ ተከራክሯል። ዮናስ ደግሞ በነነዌ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ በጥላው ተቀመጠ፤ ከተማይቱ ምን እንደምትሆን ሊያይ። የተቀመጠው ሊለምን አይደለም፤ ሊያይ ብቻ ነው። እግዚአብሔርም የገሠጸው ስለ ዳሱ አይደለም፤ ለቅሉ ሲያዝን ለሕዝቡ ስላላዘነ ነው።

ከአሕዛብም ወገን አንድ ምሳሌ አለ። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪዮስ ተራራ በፈነዳ ጊዜ የሮማው የመርከብ አለቃ ፕሊኒዮስ፥ የተፈጥሮን ነገር አጥብቆ የሚመረምር ሰው ነበርና፥ መጀመሪያ ቀላል ጀልባ እንዲዘጋጅለት ያዘዘው ደመናውን ቀርቦ ሊያይ ነው። ሊወጣ ሲል ግን በተራራው ሥር ከምትኖር ሴት አድነኝ የሚል መልእክት ደረሰው። ያን ጊዜ ትላልቆቹን መርከቦች አስወጣ፤ ለእይታ የጀመረው መንገድም ለማዳን ሆነ። ይሁን እንጂ ማየቱን አልተወም፤ በመንገድ ሳለ የነበልባሉን መልክ ለጸሐፊው እየነገረ ያስጽፍ ነበር። በዚያም ሞተ። በዚህ ሰው ዘንድ ዐይንና እጅ አልተጣሉም፤ ዐይኑ አስቀድሞ ተነሣ፥ እጁም ተከተለው፤ መርከቡ ሁለቱንም ተሸከመ።

ዶክተር አትል ከነዚህ ወደ ማን ይጠጋል? ፈጥኖ ዮናስ ነው ማለት ግፍ ነው። ዮናስ በጥላ ተቀምጧል፤ ይህ ሰው ግን ከዐመዱ ገብቷል። በ1949 ዓ.ም. ቀኝ እግሩ ተቆረጠ፤ ለዚህም ያበቃው ከተራራው የሚወጣው ጢስ ነው ያሉ አሉ። ያም ይሁን ይህ፥ ያየውን ነገር በአካሉ ዋጋ የከፈለበት ሰው ከደጅ ቆሞ እንደሚመለከተው ጎረቤት አይቆጠርም። ዳግመኛም እርሱ ባይሥል እሳቱ ከመንደደድ አይመለስም ነበር፤ ማሳውም አይድንም። የዲዮኒስዮ ፑሊዶ የልጅ ልጆች የአያታቸውን መሬት ምን እንደ ዋጠው ዛሬ ማየት ቢሹ፥ ከሚያሳዩአቸው አንዱ ይህ ሰው ነው። በእውነት መመስከር ለጠፋው ነገር ከሚደረግ ቸርነት ወገን ይቆጠራል።

ነገር ግን ሌላ መዝገብ አለ፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባም። ይኸው ሰው በ1930ዎቹና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የፋሺስትንና የናዚን ወገን የሚደግፍ፥ አይሁድንም የሚያዋርድ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት የኢጣሊያ ጦር በመርዝ ጢስና በቦምብ ወደዚህ አገር ሲገባ፥ ወረራውን አንቀበልም ብለው በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ከቆሙት ጥቂቶች አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ውለታ የተነሣ ነው። መንግሥቱ ከተበደለው ጋር ሲቆም፥ የዚያው አገር ታላቅ ሠዓሊ ብዕሩን ከበዳዩ ጋር አቆመ።

ሰው፥ ሥዕሉን ከጽሑፉ ለይ፤ ሸራው አልበደለም ይላል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ተራራዎቹ ዛሬም ያማሩ ናቸው፤ የሠራቸውም እጅ የተካነ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ከአንድ ዐይን ስለ ወጡ ዝምድናቸውን መመርመር ያሻል። እሳተ ገሞራ ሲነድድ የሚያስደንቀው ኃይሉ ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ መሆኑም ነው። ተራራው ፑሊዶን አልጠላውም፤ ማሳውንም አልተመኘውም። ፈቃድ የሌለው ኃይል ነውና በፊቱ ቆሞ መደነቅ ወደ ፈጣሪው የሚያሻግር ሊሆን ይችላል። የሰው ኃይል ግን ፈቃድ አለው። መንደር የሚያቃጥል ጦር፥ የሚያቃጥላትን መንደር ስሟን ያውቃል። ለተራራው የሚገባውን አድናቆት አንሥቶ ለእንዲህ ያለው ኃይል የሚሰጥ ሰው፥ በቅኔ ቤት አነጋገር፥ ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ ያመነ ነው። ዶክተር አትል ብዙ ዘመን ትልቁን ብቻ ሲመለከት ኖረ፤ ትንሹን መመልከት ዐይኑ አልለመደም። ከእሳቱ ፊት የሚቆመው ሰው በሥዕሎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም፤ ቢኖርም እንደ ነጥብ ነው። እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ በአይሮፕላን እየወጣ ምድርን ከሰማይ ላይ መሣል ጀመረ። እነዚያ ሥዕሎች ድንቅ ናቸው። ከዚያ ከፍታ ግን ማሳ የቀለም ቁራጭ ነው፤ ገበሬው ጭራሽ አይታይም።

ሠዓሊው ስለ ሰው ሥራ ምንም አልተጨነቀም ማለት ግን አይደለም። በ1920ዎቹ የሜክሲኮን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳዩ ስድስት ጥራዝ መጻሕፍት አሳትሟል፤ ጉልላቱንና ግንቡን በፍቅር አይቶታል። አንድ ሰው ለግንቡ ይህን ያህል ዐይን ኖሮት በግንቡ ውስጥ የሚሰግደውን ማስተዋል እንዴት ያቅተዋል? ሊቅም ሆነ ሠዓሊ፥ ይህ ጥያቄ የማይነካው የለም።

ከዚያ እሳት የወጡት ምስሎች የሠዓሊው ብቻ አይደሉም። የሳን ሁዋን ሰዎች የተአምራት ጌታ የሚሉት የስቅለት ምስል በቤተ ክርስቲያናቸው ነበራቸው። የተቀረጸ ምስል ነው፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተለመደው ሥዕል እንጂ የተቀረጸ አይደለም፤ በዚህ ስፍራ ግን ልዩነቱን ማንሣት አያስፈልግም። በ1944 ዓ.ም. በሜይ ወር የቀለጠው ዐለት ወደ ከተማቸው ሲቃረብ፥ ሕዝቡ ይህን ምስል በትከሻቸው ተሸክመው፥ ሽማግሌውም ሕፃኑም በእግር እየሄዱ ወጡ። ወደ ሰፈሩበትም ምድር ወስደው ለምስሉ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ከተማቸውንም አዲሱ ሳን ሁዋን አሉት። ሠዓሊው የእሳቱን መልክ ተሸክሞ ሲወጣ፥ እነርሱ የተሰቀለውን ሰው መልክ ተሸክመው ወጡ። በአንድ ዘመን፥ ከአንድ ተራራ ሥር፥ ሁለቱም ሊጠፋ የማይገባ መስሎ የታያቸውን አወጡ።

ዶክተር አትል በ1964 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ዐረፈ፤ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት ስፍራም በክብር ተቀበረ። ሥዕሎቹ በዚያው ከተማ በቤተ መዘክር ተሰቅለው ይታያሉ። ተራራው ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ጸጥ ብሏል። በአሮጌው ሳን ሁዋን የቀለጠው ዐለት ቤተ ክርስቲያኑን ከበበው፤ ዙሪያውንም ሞላው፤ ከመሠዊያው ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ። የደወሉ ግንብ ዛሬም ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ብቻውን ብቅ ብሎ ይታያል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው በረጋው ዐለት ላይ እጁን እየተደገፈ፥ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሻገረ፥ ወደ መሠዊያው ይወርዳል።